ሠላሳ ኪሎ የሚመዝን ስልክ

እኔ መሐንዲስ የሆንኩት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ነው፤ አምስት ዓመት የተማራችሁ ይቅር በሉኝ። የማኅበራችን ቢሮ ኢንተርኔት የጠፋ ዕለት ሁሉም ሰው መብራቷን የምታርገበግበውን ሣጥን ከቦ ሲተክዝ፣ እኔ ጠጋ አልኩና ገመዷን ከግድግዳው ነቀልኩት። የማደርገው ሌላ ነገር ስላልመጣልኝ መልሼ ሰካሁት። ሠራ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ስሜ ቀርቶ «ኢንጂነር» ተባልኩ። በመጀመሪያው ሳምንት «ኧረ እኔ ሾፌር ነኝ» እል ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ኢንጂነር ሲባል ዞር ማለት ጀመርኩ። በሦስተኛው ሳምንት በስሜ የጠራኝን ሰው ታዘብኩት።

በእርግጥም ሾፌር ነኝ። ኩዌት፣ ሱራ ሰፈር ውስጥ የአንድ ቤተሰብ ልጆችን ትምህርት ቤት፣ ማዳምን ገበያ፣ የቤቱን ጌታ ባባን ወደ ጓደኞቹ መሰብሰቢያ ዲዋኒያ ሳመላልስ ዓመታት አሳልፌያለሁ። ኮሮና መጣና ትምህርት ቤቱም፣ ገበያውም፣ ዲዋኒያውም ተዘጋ። መኪናው ቆመ፤ እኔም አጠገቡ ቆምኩ። በቀን ሁለት ጊዜ አጥበው ነበር፤ የት ሄዶ እንደሚቆሽሽ እግዜር ይወቅ። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል የሚሉት እንደኔ ያለውን አይተው ነው። በመጨረሻ ባባ ሰለቸውና «የመኪናውን ቀለም ልጠህ ልትጨርሰው ነው፤ ይልቅ ሂድና ወገኖችህን እርዳ» ብሎ የመውጫ ፈቃድ አወጣልኝ። ሪቃይ ሰፈር ወዳለው የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ቢሮ ጠዋት ጠዋት መመላለስ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው።

ቢሮ ስላችሁ ጸሐፊና ምንጣፍ እንዳታስቡ። ባለ ሁለት ክፍል ኪራይ ቤት ነው። አንዱ ክፍል ቢሮ ሲሆን ሌላው የሊቀ መንበራችን የእትዬ ወይንሸት መኝታ ነው። እትዬ ወይንሸት አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሰው ቤት ወጥ ሲሠሩ ኖረው፣ በስተመጨረሻ የራሳቸውን የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማ፣ ይዘው የወጡ ሴት ናቸው። ማኅበሩ አንድ ሞባይል ነበረው፤ ሞባይሉም ያለው በእሳቸው እጅ ነው። ቁጥሩን በየቤቱ የሚሠሩ እህቶቻችን በቃላቸው ያውቁታል። ድሮ ዓርብ ዓርብ ቤተ ክርስቲያን ተገናኝተው የልባቸውን ይጫወቱ የነበሩት ሴቶች፣ ሐዘር፣ የሰዓት እላፊው፣ ታውጆ በየቪላው ከተዘጋባቸው ወዲህ ያቺ ሞባይል ዕረፍት አጣች። እትዬ ወይንሸት አንዷን ሲያናግሩ ሃያዋ ትደራረባለች። ጆሯቸው ቀልቶ፣ ስልኩ ግሎ፣ ቻርጀሩ ላይ ተሰክቶ እያለ ያወሩበታል።

በዚህ መሀል ወሬ መጣ። አውሮፕላን ማረፊያው ተዘግቶ ከርሞ፣ ወደ አገር ቤት አንድ ልዩ በረራ ተፈቀደ። ማኅበራችን ቀደም ብለው የተመዘገቡትን ሴቶች አንድ በአንድ አግኝቶ፣ «አዎ፣ እሄዳለሁ» ያሉትን ስም እስከ ተቀጠረው ሐሙስ እኩለ ቀን ድረስ ለበረራው አስተባባሪዎች ማስረከብ አለበት። በራሷ አንደበት ያላረጋገጠች ወንበሯ ለሌላ ይሰጣል። ሦስት ሳምንት ነበረን።

ከተመዝጋቢዎቹ አንዷ ፋንታዬ ነች። ፋንታዬ የሰፈሬ ልጅ ናት፤ ሩማይሲያ የሚባል ሰፈር ውስጥ ትሠራለች። እሸቱ የሚባል እጮኛ አላት፤ ወፍጮ ቤት አለው። ሰርጋቸው አንድ ጊዜ ማዳሟ ኮንትራቷን ስላራዘመችባት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በኮሮና ምክንያት ተላልፏል። የእሸቱ ቤተሰቦች ትዕግሥታቸው አልቆ «በዚህ አውሮፕላን ካልመጣች ሽማግሌ ወደ ሌላ ደጅ እንልካለን» ብለዋል። ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት፤ ነገሩን አደራ ያለችኝም እሷው ናት። ችግሩ ፋንታዬ የተመዘገበችው በሰው ስልክ ነው፤ ባለስልኳ ደግሞ አሠሪ ቀይራ ጠፍታለች። የፋንታዬን አዲስ ቁጥር አናውቅም። ቤቷንም አናውቅም፤ ሩማይሲያ ሄጄ የቪላውን በር ሁሉ እንዳላንኳኳ ደግሞ ሐዘር ነው። ያለን ተስፋ አንድ ነው። እሷ ትደውላለች፤ እኛ እናነሣለን።

እንግዲህ ስብሰባ ተቀመጥን። እትዬ ወይንሸት፣ በፈቃደኝነት የሚያገለግሉ ሁለት እህቶች፣ እኔ። ቀደም ብዬ ከኢንተርኔት ላይ አንብቤ ስለነበር በኢንተርኔት የሚሠራ የስልክ ሥርዓት የሚባል ነገር እንዳለ አስረዳሁ። ቁጥሩ ያው የድሮው ይሆናል፤ ጥሪው ሁሉ ወደ አንድ ማሽን ይገባል፤ ማሽኑ ያነሣል፣ ያስተናግዳል፣ ለሦስት ሰው ያከፋፍላል። ማሽኑ ሰርቨር ይባላል። «ሳይነሣ የቀረ ስልክ የቢሮ ውርደት ነው» የሚል ነገርም አንብቤ ነበርና፣ እሱን የራሴ አስመስዬ ተናገርኩት። ሴቶቹ አጨበጨቡ። ሚስኮል የሚባል ነገር ከዚህ ቢሮ ይጠፋል ብዬ ማልኩ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያለኝ አልነበረም።

ሀዋሊ ውስጥ ያገለገለ ኮምፒዩተር የሚሸጥ ሻጂ የሚባል ህንዳዊ አውቃለሁ። ሱቁ ግማሽ በሩን ዘግቶ ነው የሚሠራው። እኔና እሱ የምንግባባው በአረብኛ ነው፤ የእኔም የእሱም አረብኛ የተሰበረ ስለሆነ ስብርባሪው ይገጣጠማል። «ለስልክ የሚሆን ሰርቨር» አልኩት።

«ስልክ የምታነሡ ስንት ናችሁ?»

«ሦስት።»

«በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ያወራል?»

«ኩዌት ውስጥ ስንት ኢትዮጵያዊት አለች?» አልኩት።

ጭንብሉን ወደ ታች ሳብ አድርጎ አየኝ። «ሁሉም በአንድ ጊዜ ይደውላሉ?»

«ቢደውሉስ?»

«ወንድሜ፣ ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ከሦስት ሰው በላይ ያናግራል?»

«እትዬ ወይንሸት ይችላሉ» አልኩት። ውሸቴን አልነበረም።

ሻጂ ከመሳቢያው መዳፍ የምታክል ሣጥን አወጣ። ማራገቢያ የላት፣ ድምፅ የላት፣ በስልክ ቻርጀር የምትሠራ። «ይህቺ ትበቃችኋለች፤ ትተርፋችኋለችም» አለ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ተሰደብኩ። ያን ሁሉ ሕዝብ፣ ያን ሁሉ ብሶት፣ እዚች ሳሙና የምታክል ነገር ውስጥ? ኢንጂነር ተብዬ፣ ስብሰባ ተጠርቶልኝ፣ ተጨብጭቦልኝ፣ ሳሙና ይዤ ልመለስ?

ከዚያ ዓይኔ ጥግ ላይ ባለው ላይ አረፈ። ረጅም፣ ጥቁር፣ ከፊቱ ወንፊት የመሰለ ብረት ያለው፤ አንድ ትልቅ ድርጅት ተጠቅሞበት ጡረታ ያወጣው ሰርቨር። ስለ እሱ ጠይቄ ጠይቄ አልጠግብ አልኩ። ሁለት የመብራት መግቢያ አለው። ለምን? አንዱ ቢቃጠል ሌላው እንዲቀጥል። ሁለት ዲስክ አለው። ለምን? አንዱ የጻፈውን ሌላው እንዲገለብጥ። «እንደ ሰነፍ ተማሪ?» አልኩት። «አዎ፣ ግን አንደኛው ቢሞት ሰነፉ ፈተናውን ይጨርሳል» አለኝ። ድምፅስ እንዴት ነው በሽቦ የሚሄደው? ሻጂ ወንበር ሳበልኝ። ድምፅህ በሴከንድ ሃምሳ ቦታ ይከተፋል፤ እያንዳንዱ ክታፊ አድራሻው ተጽፎበት ይላካል፤ እዚያ ማዶ በየተራው ይሰለፍና መልሶ ድምፅ ይሆናል። ይህን ስሰማ ሱቁ ውስጥ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። «እንደምን አለሽ» የሚለው ቃል ተከትፎ ከሪቃይ ሩማይሲያ ደርሶ፣ ከነፍቅሩ ይሰበሰባል ማለት ነው። መንገድ ላይ አንድ ክታፊ ቢጠፋስ? «ትንሽ ከጠፋ ጆሮ ራሱ ይሞላዋል» አለኝ ሻጂ። እኔ እስከ ዛሬ ድረስ ይህን አስባለሁ።

በአጭሩ፣ ትልቁን ገዛሁ። ሻጂ ሦስት ጊዜ «ትንሿ ትበቃለች» ብሎኝ ነበር፤ አራተኛውን አልጠበቅኩም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው። ሠላሳ ኪሎውን ብረት ሁለት ሰው ሆነን የባባ መኪና ኋላ ላይ ጫንነው። መንገድ ላይ ፖሊስ አስቆመኝ፤ ፈቃዴን አየና ወደ ኋላ እያመለከተ «ሽኑ ሃዳ?» አለ፣ ምንድን ነው ይሄ ማለቱ ነው።

«ተሌፎን» አልኩት።

ፖሊሱ ብረቱን አየ፤ እኔን አየ፤ በእጁ ያለችውን የራሱን ስልክ አየ። «ሃዳ ተሌፎን?» አለና ጓደኛውን ጠራው። ሁለቱም አጎንብሰው እያዩ ትንሽ ተከራከሩ። ከዚያ ጓደኛው በትሕትና «ከሁሉም ጋር ያወራል?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። አሳለፉኝ።

ቢሮ ደርሼ ሻጂ በነገረኝ መሠረት ገመዱን ሰካሁና ቁልፉን ተጫንኩ። እናንተ ሆዬ፣ ስምንት ማራገቢያ እንዳለው ያኔ ነው ያወቅሁት። ቤቱ በአንድ ጊዜ አጓራ። እትዬ ወይንሸት በስማም ብለው አማተቡ፤ አንደኛዋ እህት ከወንበሯ ተነሥታ በር ላይ ደረሰች። ጥቂት ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። ከላይ የሚኖር ግብፃዊ መምህር ነው፤ ፊቱ በደስታ በርቷል። «አውሮፕላን ማረፊያው ተከፈተ?» አለን። አገሩ ለመግባት ወራት የጠበቀ ሰው ነው፤ እውነቱን ስንነግረው አንገቱን ደፍቶ ወደ ላይ የወጣው አወጣጥ አሁንም ያሳዝነኛል።

ድምፁን ለማፈን ብርድ ልብስ አለበስኩት። እሱ ደግሞ ሞቀውና ይብስ ጮኸ። ሻጂ በስልክ «ብርድ ልብስ?!» ብሎ ሲጮህ የሰርቨሩን ድምፅ በለጠው። ማሽኑ ብርድ እንጂ ሙቀት አይወድም፤ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። ቢሮው ውስጥ ያለውን ማቀዝቀዣና ሰርቨሩን አንድ ላይ ስናበራ ደግሞ ቆጣሪው ይዘላል። በደንብ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ያለው እትዬ ወይንሸት መኝታ ክፍል ነው። መልከት አደረጉኝ።

«ኢንጂነር፣ ምን ልትለኝ ነው?»

«እትዬ፣ ለጥቂት ቀን ብቻ...»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሰው ቤት የራሴ ክፍል አልነበረኝም። ባገኘሁ በዓመቴ ለብረት ላስረክብ?»

ግን የፋንታዬን ነገር ያውቃሉ፤ እሷን የመሰሉ የሌሎቹንም። ፍራሻቸውን እየጎተቱ ወደ ቢሮው መጡ። ሰርቨሩ በእሳቸው ክፍል፣ በእሳቸው ማቀዝቀዣ፣ በሩ ተዘግቶለት ተቀመጠ። እኛ ውጭ በአንዲት ማራገቢያ ፊት ተሰልፈን በላብ እንታጠባለን።

የቀረው ማሽኑ የሚናገረው ቃል ነበር። እትዬ ወይንሸት ይቅዱት ተባለ። ጀመሩ። «ጤና ይስጥልኝ እህቴ፤ እንደምን ሰነበትሽ፤ ደህና ነሽ ወይ፤ ጉልበትሽ ደህና ነው ወይ፤ አገር ቤት ያሉት ደህና ናቸው ወይ፤ ማዳም ሳህኑን አሁንም በአንቺ ላይ ነው ወይ የምትወረውረው...» እንደ ምንም አሳጠርኩባቸው። በመጨረሻ «ጤና ይስጥልኝ እህቴ፤ ለጉዞ አንድን ተጫኚ፤ ለሌላ ጉዳይ ሁለትን ተጫኚ» ሆነ። ማሽኑንም ስልኩ ገና አንዴ ጠርቶ ሳይጨርስ ብድግ አድርጎ እንዲያነሣ አዘዝኩት። ፍጥነቱ ያኮራ ነበር። ከውጭ ሆኜ ስሞክረው ስልኬን ጆሮዬ ጋ ሳላደርሰው እትዬ ወይንሸት ጤና ይስጥልኝ ይሉኛል።

የመጀመሪያው ሳምንት አለቀ። ሪፖርቱን ከማሽኑ አውጥቼ ለስብሰባው አነበብኩ። ከደወሉት ሁሉ አንድም ያልተነሣ የለም። ሚስኮል፣ ዜሮ። እንደገና ተጨበጨበልኝ፤ ግን ጭብጨባው ሳሳ ያለ ነበር።

«ኢንጂነር» አለች አንደኛዋ እህት፣ «ይሄ ሁሉ ከተነሣ ማን ነው ያወራው? እኔ ሳምንቱን ሙሉ ሹራብ ስሠራ ነበር።»

ነገሩ እውነት ነው። ማሽኑ ያነሣል፤ ወደ እኛ የሚመጣ ግን የለም። ሁላችን ስልካችንን ታቅፈን ፈዘን እንውላለን። በሁለተኛውም ሳምንት እንዲያው። የፋንታዬ እናትና የእኔ እናት ተራ በተራ «ምነው ልጃችን?» ይላሉ። እናቴ «ስልክ ተከልን ብለህ አልነበር? ስልክ የተከለ ሰው አንድ ሰው ማግኘት ያቅተዋል?» አለችኝ። ፈራሁ። ኢንጂነር ግን ፈራሁ አይልም፤ «ሜሞሪው አንሶት ይሆናል» ይላል። ተነሥቼ ሻጂ ዘንድ ሄድኩና ሜሞሪ ጨምርልኝ አልኩት። ሻጂ ከራሱ ኮምፒዩተር ሆኖ ማሽናችን ውስጥ ገብቶ አየና፣ «ይሄ ማሽን ሥራ ፈትቶ ተኝቷል፤ ማንኮራፋቱ ነው የሚሰማችሁ» አለኝ። ከዚያ ዝርዝሩን እየጠቆመ፣ «ግን እይ፣ ሁሉም ጥሪ ሁለት ሴከንድ ነው። ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት። ሰዎቻችሁ በሁለት ሴከንድ ምን ያወራሉ?»

ሁለት ሴከንድ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና፣ ሥሩን ፍለጋ ዝርዝሩን አትሜ ማታም ጠዋትም እያገላበጥኩ ቆየሁ። አንድ ቁጥር አለ፤ በየቀኑ ረፋድ ላይ ሦስት አራት ጊዜ ይደውላል፤ ሁልጊዜ ሁለት ሴከንድ። አጠገቡ «ተነሥቷል» ስለሚል መልሶ መደወል አልታየኝም። መስመሩ እየተቆረጠ ነው? ድምፁ ሲከተፍ አንዱ ክታፊ እየጠፋ ነው? የእትዬ ወይንሸት ድምፅ ደዋዮቹን አስፈርቷቸው ይሆን? ይህን የመጨረሻውን ለእሳቸው አልነገርኳቸውም።

ረቡዕ ሆነ። ሐሙስ እኩለ ቀን ነገ ነው። እንደ ሁልጊዜው ቢሮው በር ላይ መኪናውን አቆምኩና፣ እንደ ሁልጊዜው ስልኬን አውጥቼ እትዬ ወይንሸት የግል ሞባይል ላይ አንዴ አስጠርቼ ዘጋሁት። መጥቻለሁ፣ ቁልፉን ወርውሩልኝ ማለቴ ነው። እንደ ሁልጊዜው መስኮቱ ተከፈተና ቁልፉ በካልሲ ተጠቅልሎ ወረደ። ካልሲውን ቀልቤ፣ ሁለት ደረጃ ወጥቼ፣ ሦስተኛው ላይ ደርቄ ቀረሁ።

አሁን ምን አደረግሁ? ሚስኮል አደረግሁ። ስንት ዓመቴ ነው ይህን ሳደርግ? ኩዌት ውስጥ ከእኛ መካከል በቀጥታ ደውሎ የሚያወራ ማን ነው? ሴቶቹ ካርድ የሚገዙት ባቃላ፣ ሰፈር ሱቅ፣ ሲላኩ ነው፤ ሐዘር ከሆነ ወዲህ ደግሞ ባቃላ የሚልካቸው የለም። ያለቻቸውን ሒሳብ እንደ ዓይናቸው ብሌን ይጠብቋታል። አንዴ አስጠርተው ይዘጋሉ፤ ቢሮው መልሶ ይደውላል። እትዬ ወይንሸት ዓመታት ሙሉ ሲያደርጉ የኖሩት ይኼንኑ ነው፤ ከመለመዱ የተነሣ ማናችንም እንደ ደንብ ቆጥረነው አናውቅም። እኔ ግን ሚስኮል ከዚህ ቢሮ ይጠፋል ብዬ ምዬ፣ የሚስኮልን አንገት የሚያንቅ ማሽን ገዛሁ። ልጆቹ ለመዝጋት ጣታቸውን ሳያነሡ ማሽኑ ያነሣል፤ ሒሳባቸውን ይበላል፤ ደንግጠው ይዘጋሉ፤ መልሰን እንዳንደውል ደግሞ «ተነሥቷል» ብሎ ይጽፋል። የረዳናቸው መስሎን ስንዘርፋቸው ከርመናል።

ደረጃውን በአራት እግሬ ወጣሁት ማለት ይቀላል። ሻጂ ዘንድ ደወልኩ። «ማሽኑ ስልክ እንዳያነሣ አድርግልኝ!»

«እንዴት?»

«ዝም ይበል። ይጥራ፣ ይጥራ፣ ቁጥሩን ይጻፍና ዝም ይበል።»

 «ወንድሜ» አለ ሻጂ፣ «ስልክ የማያነሣ የስልክ ማሽን ነው የምትፈልገው?»

«አዎ!»

«ለሱ እኮ ትንሿ ትበቃህ ነበር» አለ፤ ሰው ምን ቢሆን ይህን ከማለት አይመለስም።

ዝም አይነቅዝም ያሉት አባቶቻችን ሰርቨር ሳያዩ ነው። ማሽኑ ዝም ባለ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ዝርዝሩ ላይ ያልተነሡ ቁጥሮች ተሰለፉ። ሁላችን ተከፋፍለን መልሰን መደወል ጀመርን። አንዷ ታለቅሳለች፣ አንዷ ትስቃለች፣ አንዷ በሹክሹክታ ታወራለች፤ የጉዞ ስሞች አንድ በአንድ ተሞሉ። እኔ ያቺን ረፋድ ረፋድ የምትደውለዋን ቁጥር ይዤ ደወልኩ። ጠራና ተዘጋ። እንደገና ደወልኩ፤ ተዘጋ። ማዳም አጠገቧ አለች ማለት ነው። አሁን ብልሃቱ ገብቶኛል። ሲመቻት መልሳ እንድታስጠራ አንዴ አስጠርቼ ራሴ ዘጋሁት። የመውጫ ፈቃዴ እስኪያበቃ ጠበቅሁ፤ መልስ የለም። ሐሙስ ጠዋት ቢሮ ስገባ እትዬ ወይንሸት ልብሳቸውን ለብሰው ዝርዝሩ ፊት ቆመው አገኘኋቸው። ስድስት ሰዓት ሊሆን አንድ ሰዓት ከሩብ ሲቀረው ያ ቁጥር ብልጭ አለ፤ አንዴ ጠርቶ ጠፋ። ወዲያው መልሼ ደወልኩ።

«ሀሎ፣ የማኅበሩ ቢሮ ነው። ማን ልበል?»

«ፋንታዬ ነኝ!» አለች በሹክሹክታ፤ ጣሪያ ላይ ልብስ እያሰጣች ነው፣ ነፋሱ ይሰማል። «ያቺ ሴትዮ ማን ናት?»

«የቷ ሴትዮ?»

«ስልኩን ብድግ የምታደርገዋ! ሚስኮል ያነሣል እንዴ ሰው? ምን ያለች ነውረኛ ናት? ጤና ይስጥልኝ እያለች ሒሳቤን ሙልጭ አድርጋ በላችው! አሁን የቀረችኝ ለአንድ ጥሪ የምትሆን ናት፤ ብታነሣው አልቆልኝ ነበር!»

እትዬ ወይንሸት በጎኔ ሆነው ሁሉን ሰምተዋል። ስልኩን ከእጄ ወሰዱ። «እኔ ነኝ ልጄ፤ ይቅር በይኝ» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ትሄጃለሽ ወይ?»

«እሄዳለሁ! ጻፉኝ!» አለችና ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው። የደወልነው እኛ፣ የሚቆጥረው በእኛ፤ ግን የለመደ እጅ ነው። ስሟን የመጨረሻው መስመር ላይ ጻፍኩና ዝርዝሩን ይዤ ወደ አስተባባሪዎቹ በረርኩ። ሰዓቱ ሳይሞላ ደረስኩ።

ትልቁ ሰርቨር በዚያው ሳምንት ወደ ሻጂ ተመለሰ፤ ትንሿ መጥታ የእትዬ ወይንሸት መስኮት ላይ ተቀመጠች። እሳቸውም ፍራሻቸውን መልሰው ጎተቱ። ፖሊሶቹ ሲመለስ አላዩትም፤ ተመስገን።

የበረራው ቀን ፋንታዬን ከሩማይሲያ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ባባ መኪናውን ፈቅዶልኛል። ማዳሟ በር ድረስ ወጥታ ሸኘቻት፤ ሻንጣዋን ጫንን። ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ባለቁልፏን ስልክ በሁለት እጇ ይዛለች። አውራ ጎዳናው ባዶ ነበር።

«ለእሸቱ ሚስኮል ላድርግለት» አለች። «ተስማምተናል። እኔ አንዴ ካስጠራሁ ተሣፈርኩ ማለት ነው። እሱ መልሶ አንዴ ካስጠራ ሰምቻለሁ ነው። ሁለቴ ከሆነ...»

«ሁለቴ ከሆነ?»

«ቤተሰቦቹ እሺ ብለዋል፣ ድንኳን ይታዘዛል» አለችና አንገቷን ደፋች።

አስጠራችና ዘጋች። በመስታወት አያታለሁ፤ መንገዱን ማየት የሚገባኝን ያህል አላየሁም። ድልድዩን አለፍን፤ ዝም። ስልኩ ጠራ። አንድ።  ሁለት። «ሁለት ነው!» ብላ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሦስት።

«ሦስተኛው ምን ነበር?» አልኳት።

«ምንም። አልተነጋገርንበትም።»

አራት ጠራ። አምስት።

«አንሺው እንጂ!»

«ሒሳቡን ልብላበት? ከአገር ቤት እኮ ነው!» አለች፤ ግን ዓይኗን ከስልኩ ላይ መንቀል አልቻለችም። አይዘጋም። ያ ሰውዬ ይዞታል፤ አይለቅም። ስድስት። ጭንብሏን ወደ አገጯ አወረደችና አረንጓዴዋን ተጫነች። ምን እንደሚላት ለመስማት፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት የመኪናውን ማቀዝቀዣ አጠፋሁት። የሱ ድምፅ ግን አልደረሰኝም።

«አለሁ» አለች እያለቀሰች። «አለሁ፣ መጣሁ። አትዝጋው።»